የአራስ እንባ «ጥጋብ» አይደለም

ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ብዙም በማይርቅ ቤት፣ ታናሽ እህቴ አራስ ሳለች ጠያቂ አልጠፋም ነበር። ይገባሉ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላሉ፤ ገንፎ ይቀምሳሉ፤ ወተቷ ይበቃ እንደሆነ ይጠይቃሉ። እርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች። ሕፃኑ ሲተኛ እንኳ እንቅልፍ አይወስዳትም። የባሏ አክስት ማድቤት ሆነው «ወንድ ልጅ ታቅፋ ምን ያስለቅሳታል? ጥጋብ ነው!» ሲሉ ሰማሁ። በይሉኝታ ዝም አልሁ። ዛሬም ያሳፍረኛል።

አራስ አደጋ ላይ መሆኗን ባህላችን አያውቅም አልልም። መቃብሯ አፉን ከፍቶ 40 ቀን ይጠብቃታል እየተባለ አይደል ያደግነው? ብቻዋን አትተውም፤ ከራስጌዋ ብረት አይጠፋም። ነገር ግን ጠላቱን የምንጠብቀው ከደጅ ነው። በሩን ከብበን ስንቆም፣ የልቧን ማን ጠየቃት?

መጠየቂያው ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 ስኮትላንድ ውስጥ የተዘጋጀው የኤድንብራ መመዘኛ 10 አጫጭር ጥያቄዎች ብቻ አሉት። በአዲስ አበባ ወላዶች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በ2010 ታትሟል። በቡታጅራ ገጠር ግን ይኸው መመዘኛ በሚገባ እንዳልሠራ በ2008 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ሐኪሞቹ የራሳቸው ማብራሪያ ይኖራቸው ይሆናል፤ እኔ ግን እዚህ ላይ የቋንቋ ዕዳ ይታየኛል። ዕዳውም የእኛ የብዕር ሰዎች ነው። እናትን ስናወድስ ኖረን፣ ልጇን ታቅፋ መኖር ላስጠላት ሴት አንዲት የምትናገርባት ቃል አላዋጣንም። የዓለም ጤና ድርጅት በታዳጊ አገሮች ከ100 ወላዶች ወደ 20 የሚጠጉት የአእምሮ ሕመም፣ በአብዛኛውም ድብርት፣ ያገኛቸዋል ይላል። ሕመሙ ገና በእርግዝናው ወራት የሚጀምራቸውም ብዙ ናቸው። ይህ ሁሉ ጥጋብ ነው?

በክርስትናው ድግስ ቀን እህቴ ፈገግ ብላ ዋለች፤ ዳነች ተባለ። በአራተኛው ወር ልጁን ልታስከትብ ሄዳ አንዲት ነርስ ክትባቱን ጨርሳ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብትላት፣ መልስ መስጠት አቅቷት ተንሰቀሰቀች። ሕክምናዋ የተጀመረው ከዚያ ነው፤ በየሳምንቱ ከባለሙያ ጋር መነጋገር፣ በኋላም ሰርትራሊን የሚባል ኪኒን። «የምታጠባ ሴት እንዴት ኪኒን ትውጣለች!» ተብሎ ቤቱ ታመሰ። ወደ ወተት የሚያልፈው እጅግ ጥቂት መሆኑን ሐኪሟ ደጋግማ ማስረዳት ነበረባት።

አክስትየዋም «ጸበል አይሻልም ወይ?» አሉ። ጸበሉንም ሄደች፤ ኪኒኗን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ።