ስንቅ ሳይዝ ስሜን የሚወጣ ማን ነው?

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ራስ ደጀን የሚወጣ መንገደኛ ስንቁን በበቅሎ ጭኖ ይሄዳል፤ በመንገድ ገበያ አገኛለሁ ብሎ ባዶ እጁን አይነሣም። እኛ ተማሪዎች ግን ፕሮግራም ስንሠራ ባዶ እጃችንን እንነሣለን።

እንደሚታወቀው አንድ ፕሮግራም ሌሎች በጻፏቸው ብዙ ጥቅሎች ላይ የቆመ ነው። ፓኬጅ ማናጀር የተባለው መሣሪያ ጥቅሎቹን ከኢንተርኔት ያመጣል። «የቅርቡን አምጣ» ብለን ብቻ ካዘዝነው፣ ዳባት ተሠርቶ ያለቀው ፕሮግራም ደባርቅ ሲደርስ አልሠራም ይላል፤ በመካከሉ የአንዱ ጥቅል እትም ተለውጧልና። ስለዚህ የየጥቅሉን እትም ለይቶ የሚመዘግበውን ፋይል ከሥራችን ጋር አብረን እናስቀምጥ። የጊት ሰብሞጁልም እንዲሁ ነው፤ የሌላውን ሥራ በአንድ በተወሰነ ደረጃው ላይ ይይዘዋል።

ነገር ግን ዝርዝር ብቻውን ስንቅ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2016 መጋቢት ሌፍት-ፓድ የተባለ የ11 መስመር ጥቅል ከኤንፒኤም ማከማቻ ቢነሣ፣ በዓለም ዙሪያ የብዙ ሰዎች ሥራ ተሰናከለ። በእኛም ክልል እ.ኤ.አ. በ2023 ነሐሴ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ዝርዝሩ በእጅ ቢኖርም ዕቃው የሚመጣበት መንገድ ጠፋ።

«አሮጌ እትም ይዞ መቀመጥ አደጋ ነው» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ታኅሣሥ የተገለጠው የሎግፎርጄ ቀዳዳ ይህን አስተምሮናል። እትም ይለወጥ፤ የሚለወጠው ግን እኛ መርምረንና ሞክረን ስንወስን እንጂ ሳናውቀው አይሁን።

ስለዚህ ማኅበራችን የምንጠቀምባቸውን ጥቅሎች ቅጂ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ያኑር፤ ተረኛ ተማሪም በየወሩ ይመርምረው። በሰው እጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራልና።