በጁስ ውስጥ የተደበቀ ኪኒን

ዛሬ የምንጽፈው እኛኑ አገልጋዮችን የሚነካ ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ማክሰኞ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ወላጆች የ22 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። አንገቱ ወደ ጎን ተጠምዟል፣ ዓይኖቹ ወደ ላይ ተሰቅለዋል፣ ምላሱም አልታዘዝ ብሎታል። እኛም ሳናመነታ «ክፉ መንፈስ ነው» ብለን ከብበን ገሠጽን። ድምፃችን ከፍ ባለ ቁጥር የልጁ ፍርሃት ባሰ። ከ40 ደቂቃ በኋላ የአእምሮ ሕክምና ነርስ የሆነች እህታችን ደረሰችና ወላጆቹን «ምን መድኃኒት ጀምሯል?» ብላ ጠየቀች። እናቲቱ አንገቷን ደፋች። ሐኪም ያዘዘለትን፣ እሱ ግን አልወስድም ያለውን ሃሎፔሪዶል የተባለ ኪኒን እየፈጨች በማንጎ ጁስ ስትሰጠው ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰዱት። መርፌ ተወጋ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቱ ተመለሰ።

እንዲህ ያለው የጡንቻ መኮማተር በመድኃኒቱ የመጀመሪያ ቀናት፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ የሚታይ የታወቀ ጉዳት ነው። በሥነ መለኮት ኮሌጅ ስለ አጋንንት ተምረናል፤ ይህን ግን ማንም አልነገረንም። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ እግር አላስቀምጥ የሚል ውስጣዊ መቁነጥነጥም ያመጣሉ። ስብከት መሐል ተነሥቶ የሚወጣውን ሰው «ቃሉን ጠላ» ያልንባቸውን ጊዜያት ስናስብ እናፍራለን።

አትሳሳቱን፤ መድኃኒቱን አንቃወምም። በእርሱ ተረጋግተው ወደ ሥራቸውና ወደ ልጆቻቸው የተመለሱ ምእመናን አሉን። «ተፈውሰሃል፣ ኪኒኑን ጣል» የተባሉና ሕመሙ ከፊተኛው ብሶ የተመለሰባቸውንም ቀርበን አይተናል። የሚከብድ ጉዳት ሲመጣ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም መድኃኒቱን ሊለውጥ ይችላል። ታማሚው ግን የሚወስደውን ካላወቀ የደረሰበትን ምን ብሎ ይናገራል?

የዚያ ልጅ ነገር ልባችንን የሰበረው እዚህ ላይ ነው። ከመታመሙ ጀምሮ «ምግቤ ውስጥ የሆነ ነገር ይጨምሩብኛል» ይል ነበር። ሕመሙ ነው እንዲህ የሚያናግረው ተባለ፤ በእርግጥም ያን ጊዜ ሕመሙ ነበር። በኋላ ግን እውነት ሆኖ አገኘው። እናቱን አንፈርድባትም፤ ሌሊቱን ሙሉ በር ስትጠብቅ ያደረች ሴት ናት። ልጁ ግን ከእጇ ምንም አልቀበልም ብሎ ወራት ቆየ።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቤተሰብ «መጋቢ፣ እርስዎን ይሰማል፤ ውሰድ ይበሉት» እያለ ወደ እኛ ይመጣል። መለመን እንችላለን። «ጌታ ውሰድ ብሎሃል» ካልነው ግን እሺታው የእርሱ አይሆንም፤ እግዚአብሔርን እንዳያሳዝን ፈርቶ ነው እሺ ያለው። «ጣል» ማለትም «ዋጥ» ማለትም በዚህ መንገድ ከሆነ አንድ ነው። ጌታ ኢየሱስ ዕውሩን በርጤሜዎስን ምን እንዲያደርግለት እንደሚወድ ጠየቀው (ማርቆስ 10፥51)። የሚያስፈልገው ማየት እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር፤ ግን ጠየቀው። የጌርጌሴኖኑ ሰው መች ተጠየቀ ብለው የሚሞግቱን ወንድሞች አሉ። መልሳችን አጭር ነው፦ እኛ ጌታ አይደለንም።

ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ በተቃረበ ሰዓት ሐኪሞች ሳይስማማም የሚያክሙበት ጊዜ እንዳለ እናውቃለን። ያ ግን ሰውየውን መርምረው በግልጽ የሚወስኑት ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ በማንኪያ የሚደረግ አይደለም።

እህታችን በኋላ ከልጁ ጋር እንዴት እንደተነጋገረች አይተናል። አጠገቡ ተቀምጣ የመድኃኒቱን ስም፣ የሚረዳበትንና ሊያመጣ የሚችለውን ጉዳት በቀላል አማርኛ ነገረችው። አልወስድም አለ። አልተቆጣችም፤ በማግስቱ ተመለሰች። እኛ ስለ ሕመሙ ስንጠይቃት ደግሞ «እሱን አስፈቅዱ» አለችን፤ በጊዜው ቅር ብሎን ነበር። ሐኪሙ መድኃኒቱን ከለወጠለት በኋላ በአራተኛው ጊዜ እሺ አለ።

ዛሬ በአገልግሎታችን ለታመመ ሰው እጅ ከመጫናችን በፊት ምን መድኃኒት እንደጀመረና መቼ እንደሆነ እንጠይቃለን፤ እንድንጸልይለት ይፈልግ እንደሆነም ራሱን እንጠይቀዋለን። አልፈልግም ያሉን አሉ። እነርሱን ሻይ ጋብዘን እንሸኛለን።