ፊደላችንና የጽሕፈት ሳጥኑ በር



የኮምፒዩተር ነገር የመሐንዲሶች ብቻ ጉዳይ ነው የሚለውን አመለካከት እኛ አንቀበለውም። በየዕለቱ በስልካችን የምንጽፍበት ሳጥን መስመሩን የት እንደሚቈርጥ፣ ቃላቱንም እንዴት እንደሚያራርቅ የሚወስን ደንብ አለው። ፕሮግራም ጸሐፊ ይህን ደንብ ለቋንቋው እንዲስማማ አድርጎ የሚለውጠው አምራቹ በከፈተለት በር ገብቶ ብቻ ነው። እንግዲህ በሩ ሲለወጥ ጉዳዩ የሕዝብም ጉዳይ ይሆናል።

አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. ቴክስትኪት 2 የተባለውን ሥርዓት አወጣ። በአሮጌው በር የሚገባ ፕሮግራም ጽሑፍን በቅርጽ ቈጠራ ይለካ ነበር። በአል ኑዓይሚያ የሱቅ ሰሌዳዎች ላይ የምናየው የአረብኛ ፊደል ግን እንደ ቦታው እስከ አራት መልክ ይይዛል፤ ሁለት ፊደላትም በአንድ ቅርጽ ይጣመራሉ። ስለዚህ ቅርጽ መቍጠር ለስሕተት ይዳርጋል። አዲሱ ሥርዓት ይህን ቈጠራ አስቀርቷል፤ አሮጌውን በር የሚነካ ፕሮግራም ሲመጣም ሳጥኑ ወደ ቀድሞው ሥርዓት ይመለሳል እንጂ ሥራው አይቋረጥም። ይህን ለውጥ እንደግፋለን።

የእኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ፊደላችን እንደ ቦታው መልኩን አይለውጥም። ችግሩ ያለው በአሰዳደር ላይ ነው። መስመር በሁለት ነጥብ (፡) ወይም በአራት ነጥብ (።) መጀመር የለበትም። የመስመሩ ዳርና ዳር እኩል እንዲሆን ሲፈለግ ክፍተቱ ለሁለት ነጥቡ ግራና ቀኝ በእኩል ሊከፈል ይገባል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ቃልን ያለ ሰረዝ ከመስመር ወደ መስመር ያሻግሩ ነበር። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ሲመዘገብ የተገኘው ድል ግማሽ ድል ነው፤ ፊደሉ ቍጥር ስላገኘ ብቻ አሰዳደሩ በየሳጥኑ አልተከበረለትም።

ከዚህ በመነሣት አቋማችን የሚከተለው ነው፦

1ኛ/ በር የሚለውጥ አምራች አዲሱን ሳያደላድል አሮጌውን አይዝጋ።

2ኛ/ አዲሱ በር መስመር መቍረጥንና ክፍተት ማከፋፈልን ከውጭ ለሚመጣ ፕሮግራም ክፍት ያድርግ።

3ኛ/ የዓለም አቀፉ ድር ደንብ አውጪ ማኅበር ስለ ኢትዮጵያ ጽሕፈት አሰዳደር ያዘጋጀው ረቂቅ አለ። ኮምፒዩተር የምታጠኑ ወገኖች ረቂቁን አንብባችሁ የጐደለውን ሙሉ፤ ቋንቋና ታሪክ የምታጠኑም ከብራናውና ከማተሚያ ቤቱ ልማድ ማስረጃ አቅርቡ።

ደንቡን እኛ ካልጻፍነው ፊደላችንን የማያውቅ ሰው ይጽፈዋል።