እጅ ማውጣትማ ቀላል ነው

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 «ሸገር ከተማ» ሳይባሉ በፊት የተማርን ልጆች ሦስቱን «መ»ዎች ሸምድደናል፦ መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም። ሦስተኛዋ ላይ፣ የኮንዶሟ ላይ ሲደረስ ግን የክበቡ ሚኒ ሚዲያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። (እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የአሜሪካ የፔፕፋር ሕግ ከመከላከያ ገንዘቡ ሲሶውን ለመታቀብ ትምህርት መድቦ ነበር። ግዴታው በ2008 ቢነሳም ልማዱ ለእኛም ደረሰን።)

«የሚታቀብ እጁን ያውጣ!» ሲባል ሁላችንም እናወጣለን። ማን ደፍሮ ይቀራል? መታቀብን ጠልተነው አይደለም፤ ብዙዎቻችን ከልባችን አምነንበታል። ግን ከገጠር ስንቋን ተሸክማ መጥታ፣ ቤት ተከራይታ የምትማረው ጓደኛችን «ኪራይሽን ልክፈልልሽ» የሚላት ሲመጣ ምን ትበል? ይህን ያስተማረን የለም። ስለ ኮንዶም የጠየቀችማ «ጀምራለች» ትባላለች። እጅ ማስወጣቱ ይቅርና ስም የማይጻፍበት የጥያቄ ሣጥን በየክፍሉ ይቀመጥ።