የገናው ዱላም ይለካ!

ታኅሣሥ ሲጋመስ ፎገራ ሌላ መልክ ይይዛል። ክረምቱን ሙሉ የርብና የጉማራ ወንዞች ውኃ የተኛበት ሜዳ ይጠነክራል፤ ሩዙ ይታጨዳል፤ ነዶው ወደ አውድማ ይሄዳል። ከወረታ ከተማ ትንሽ ወጣ ላለ ሰው ዓይን እስኪደክም ድረስ የተዘረጋ ጠፍ መሬት ነው የሚታየው። ለገና ጨዋታ ከዚህ የተሻለ ስታዲየም ከየት ይመጣል? ችግሩ ሜዳው አይደለም፤ ሩሩም አይደለም። ነገር ያለው ዱላው ላይ ነው።

ለገና የሚዘጋጅ ጎረምሳ ዱላውን ቆርጦ፣ ልጦ፣ በእሳት ለብለብ አድርጎ ካጎበጠው በኋላ ለአዋቂ ያሳያል። አዋቂው ዱላውን ተቀብለው ጫፉን መሬት ላይ ተክለው ጫን ይሉታል፣ ይለቁታል፣ አንዴ አየር ላይ ይወዘውዙታል። ከዚያ ፍርድ ይሰጣሉ፦ «ይኼ ግትር ነው ልጄ፣ እጅህን ይነዝርሃል» ወይም «ይኼ ልፍስፍስ ነው፣ ሩሩን አያዝልህም»። አለቀ። ሜትር የለ፣ ሚዛን የለ፣ ወረቀት የለ። ፍርዱ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። ግን አዋቂው ሲያልፉ ፍርዱም አብሯቸው ያልፋል።

ይኼው ጉዳይ በሌላው ዓለም የሚሊዮኖች ብር ንግድ ሆኗል። ጎልፍ ተጫዋቾች ስለ ዱላቸው ዘንግ ግትርነት ሲከራከሩ ለሚሰማ ሰው የእግር ኳስ አሰልጣኝ ስለ አሰላለፍ የሚያወራ ነው የሚመስለው። እንዲያው ነገሩ ከፎገራ በጣም የራቀ ቢመስልም ጥያቄው አንድ ነው፦ ዱላ ምን ያህል መለመጥ አለበት? ይህስ እንዴት ይታወቃል?

ጎልፍም የተነሳው ከእንጨት ነው። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ዘንጉ ሂከሪ ከሚባል የአሜሪካ ዛፍ ይሠራ ነበር። የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው የስኮትላንዱ ክለብ የብረት ዘንግ የፈቀደው በ1929 እ.ኤ.አ. ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ የካርቦን ጭረት ዘንግ ገበያ ገባ። ብረትና ካርቦን በፋብሪካ ስለሚወጡ አንዱን ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት አድርጎ መሥራት ተቻለ። እንጨት ግን እንደ ሰው ነው፤ ከአንድ ዛፍ የተቆረጡ ሁለት ቅርንጫፎች እንኳን አንድ ጠባይ የላቸውም።

ግትርነቱ ለምን ያስጨንቃል? ጎልፈኛው ዱላውን ወደ ኋላ ወስዶ በኃይል ሲያወርደው ከባዱ ራስ ወደ ኋላ ይቀርና ዘንጉ ይጎብጣል። ወደ ኳሷ ሲቃረብ ዘንጉ ይመለሳል፣ እንዲያውም ወደ ፊት አልፎ ይለመጣል። ራሱ ከኳሷ ጋር የሚገናኘው ለግማሽ ሺኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ራሱ ወዴት እንደዞረ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ ይወስናል። የታላላቆቹ ፕሮፌሽናሎች የዱላ ራስ ፍጥነት በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል። ለእንዲህ ያለ ክንድ ልፍስፍስ ዘንግ ቢሰጡት ራሱ የት እንደሚደርስ መገመት ያስቸግራል። ቀስ ብሎ ለሚመታ ሰው ደግሞ ግትር ዘንግ እንደ ድንጋይ ነው፤ ኳሷ ዝቅ ብላ ትሄዳለች፣ እጅም ይነዘራል። ስለዚህ «ግትር ዱላ የጀግና ነው» የሚባለው ጉራ ነው። ዱላ ለያዘው ክንድ ነው የሚመጠነው።

ፋብሪካዎቹ ይህን ለማቅለል ዘንጉ ላይ ፊደል ይለጥፋሉ። ኤል ለሴቶች፣ ኤ ለአዛውንቶች፣ አር ለመካከለኛ፣ ኤስ ለግትር፣ ኤክስ ደግሞ በጣም ለግትር። ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ጉድ አለ። እነዚህን ፊደላት በቁጥር የሚያስር፣ ሁሉም ፋብሪካ የሚገዛለት መለኪያ የለም! የአንዱ ፋብሪካ አር የሌላው ኤስ ሊሆን ይችላል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ስፖርት በዚህ ጉዳይ ገና አልተስማማም። ጫማ ገዝቶ «42 ነው» ተብሎ ቤት ሲደርስ የጠበበው ሰው ስሜቱን ያውቀዋል።

ፊደሉን የማያምን ባለሙያ ታዲያ ራሱ ይለካል። መንገዱ ብዙ ነው፤ ዋናዎቹ ግን ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የጥንቱ ነው። የዘንጉን መያዣ በኩል አጥብቆ ማሰር፣ ጫፉ ላይ የታወቀ ክብደት ማንጠልጠል፣ ከዚያ ጫፉ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደወረደ በማስመሪያ ማየት። ብዙ የወረደው ልምጥ፣ ጥቂት የወረደው ግትር ነው።

ሁለተኛው የንዝረት ቆጠራ ነው። መያዣውን አስሮ ጫፉ ላይ ትንሽ ክብደት ከጫኑ በኋላ፣ ብዙዎች 205 ግራም ያደርጋሉ፣ ዘንጉን እንደ ክራር ጅማት ነካ አድርጎ መልቀቅ። መሣሪያው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደተወዛወዘ ይቆጥራል። ለረዥሙ የጎልፍ ዱላ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከ230 እስከ 280 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ከፍ ያለው ግትር ነው። ግን ልብ ይባል፦ ክብደቱ ሲለወጥ ወይም የታሰረው ክፍል ሲረዝምና ሲያጥር ቁጥሩም ይለወጣል። እንዴት እንደተለካ ያልተነገረለት ቁጥር ከፊደሉ አይሻልም።

ሦስተኛው ዘንጉን ቦታ በቦታ መፈተሽ ነው። ሁለት ዘንጎች በንዝረት እኩል ሆነው አንዱ እጅ አካባቢ፣ ሌላው ጫፉ አካባቢ ሊለመጥ ይችላል። በዚህ ላይ የመጠምዘዝ ልኬት አለ፤ ዘንጉ በታወቀ ኃይል ስንት ዲግሪ እንደሚዞር ይታያል። የጎልፍ ሕግም ዘንጉ በየትኛውም ጎኑ ቢያጎብጡት እኩል እንዲለመጥ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እኩል እንዲጠመዘዝ ያዛል።

ይህ ሁሉ ፎገራን ምን አገባው? በጣም ያገባዋል። ሳይንሱ ለወይራም ለካርቦንም አንድ ነው። ከ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ያደገ ዱላ ክብደቱ በግማሽ ያህል ሲጨምር ግትርነቱ ግን ከእጥፍ ያልፋል። ርዝመትም እንደዚያው ነው። 1 ሜትር የነበረውን ዱላ 20 ሳንቲ ሜትር ቢያሳጥሩት በአንድ ዓይነት ክብደት የሚጎብጠው መጠን በግማሽ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ነው የልጆቹ ነገር የሚመጣው። በየመንደሩ ለትንሽ ልጅ የገና ዱላ ሲፈለግ የሚደረገው ምንድን ነው? የታላቅ ወንድሙ ዱላ ከላይ ተቆርጦ ይሰጠዋል። ቤተሰቡ ያቀለለለት መስሎታል። እውነቱ ግን ለደካማ ክንድ እጥፍ ግትር የሆነ፣ ራሱ የከበደበት ዱላ ነው የተሰጠው። ጎልፍም በዚሁ ስህተት ውስጥ ብዙ ዘመን ቆይቷል፤ የአባት ዱላ ተቆርጦ ለልጅ ይሰጥ ነበር። አሁን ለልጆች ተብሎ ቀጭንና ለስላሳ ዘንግ ይሠራል። የገና ልጅስ ምን በደለ? እጁ እየተነዘረ በመጀመሪያው ዓመት ጨዋታውን የሚጠላ ልጅ ለሁለተኛው ገና አይመለስም።

የእንጨቱ ዓይነትም ጨዋታ ይለውጣል። ሽመል ውስጡ ድፍን ነው፤ ቀርከሃ ባዶ ነው። ባዶ መሆን ግን ድክመት አይደለም። 3 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ዘንግ መሐሉን በ1.5 ሳንቲ ሜትር ቢቦረቡሩት ክብደቱ በሩብ ይቀንሳል፣ ግትርነቱ ግን 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚቀንሰው። የብረቱ ጎልፍ ዘንግ ቱቦ የሆነው ለዚህ ነው። የፎገራ ገበሬም ይህን ከማሳው ያውቀዋል፤ የሩዝ አገዳ ባዶ ቱቦ ነው፣ በአንጓ የተደገፈ። ረዝሞ ከለሰለሰ በነፋስና በዝናብ ይጋደማል፣ ምርቱም ይበላሻል። በ1966 እ.ኤ.አ. ከፊሊፒንስ የወጣው አይ አር 8 የተባለው ሩዝ ዓለምን ያስገረመው አጭርና ግትር አገዳ ስለነበረው ጭምር ነው። ብሔራዊ የሩዝ ምርምር ማዕከል ባለበት አካባቢ «አገዳ ስንት ይለመጣል?» ብሎ መጠየቅ ሞኝነት አይደለም። «ዱላ ስንት ይለመጣል?» ማለትስ ለምን ሞኝነት ይሆናል?

«ባህል በሜትር አይለካም» የሚሉ አሉ። አባቶች በእጃቸው መዝነው ተጫውተዋል፣ ምን ጎደላቸው ይላሉ። ቁም ነገር አለው። በጎልፍ ሰዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ቦቢ ጆንስ በ1930 እ.ኤ.አ. የዘመኑን አራት ታላላቅ ውድድሮች ሲያሸንፍ የያዘው የሂከሪ ዱላ ነበር፤ ዘንጎቹን የመረጠው በእጁ ስሜት ነው። ከዓመታት በኋላ ዱላዎቹ በንዝረት መለኪያ ሲፈተሹ ከአንዱ በቀር ሁሉም እርስ በርስ የሚስማሙ ሆነው ተገኙ ይባላል። ያ አንዱም ጆንስ ራሱ አልመች ይለኝ ነበር ያለው ዱላ ነው አሉ።

ይህ ታሪክ የአዋቂን እጅ አያዋርድም፤ ያከብረዋል። መለኪያው የመጣው እጁ ያወቀውን ለመመዝገብ ነው። የጆንስ እጅ አብሮት ሄዷል፤ ቁጥሩ ግን ቀርቷል፤ ዛሬ ማንም የሱን ዓይነት ዘንግ ማሠራት ይችላል። በፎገራና በዙሪያዋ ያሉት አዋቂዎች እጅስ? ማን ቆጠረው? የትኛው እንጨት፣ በምን ውፍረት፣ ስንት ወር ደርቆ፣ ለየትኛው ዕድሜ? ርጥብ እንጨት ይበልጥ ይለመጣል፤ ሲደርቅ ይገተራል፤ ስለዚህ የተቆረጠበት ወር ራሱ የልኬቱ አካል ነው።

ገና ከኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች አንዱ ሆኖ በፌዴሬሽን ሥር ውድድር የሚካሄድበት ጨዋታ ነው። ውድድር ካለ እኩልነት መኖር አለበት። አንዱ ቡድን የደረቀ ወይራ፣ ሌላው ትናንት የተቆረጠ ባህር ዛፍ ይዞ ከገባ ፍልሚያው የተጫዋቾች ሳይሆን የእንጨቶች ይሆናል። መሐል ሜዳ ላይ የሚሰበር ዱላም ስንጣሪው ለማን ዓይን እንደሚተርፍ አይታወቅም። ስለዚህ የፌዴሬሽኑና የክልሉ ስፖርት ሰዎች የዱላውን ርዝመት፣ ውፍረት፣ ክብደትና የሚለመጥበትን መጠን በዕድሜ ከፍለው በቁጥር ቢያስቀምጡ ለጨዋታው ትልቅ ውለታ ነው።

ወጪ አለው የሚል ካለ ይኼው፦ አንድ ሞርሳ፣ አንድ ማስመሪያ፣ 5 ኪሎ የፎገራ ሩዝ በከረጢት። ዱላውን በመያዣው በኩል በሞርሳ ማሰር፣ 80 ሳንቲ ሜትር ወጣ አድርጎ ሩዙን ጫፉ ላይ ማንጠልጠል፣ የወረደበትን መጻፍ። ሁሉም ዱላ በአንድ ዓይነት አሠራር ይለካ እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም። ወረታ ውስጥ የትኛውም የእንጨት ወይም የብረት ሥራ ቤት በግማሽ ቀን ሃያ ዱላ ይለካል። አዋቂዎቹ አጠገብ ቆመው «ይኼ ጥሩ ነው፣ ይኼ መጥፎ ነው» ይበሉ፤ ወጣቶቹ ቁጥሩን ይጻፉ። ያኔ የእጅ ፍርድና የማስመሪያ ፍርድ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የአማራ ክልል ያሳለፈው ጊዜ ለጨዋታ የተመቸ አልነበረም። ሜዳ ሙሉ ሰው ለገና የሚወጣው ሰላም ሲኖር ነው። የአዋቂዎቹን እውቀት ለመጻፍ ግን ሜዳ እስኪሞላ መጠበቅ አያስፈልግም። የዱላ ነገር ከሚያውቁት ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ ለመጻፍ አንድ ከሰዓት ይበቃል። አበው ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ያሉት ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም ለገና ዱላ ቃል በቃል ይሠራል። እንጨቱ የሚጎብጠው ርጥብ ሳለ ነው። እውቀቱም የሚያዘው አዋቂው ሳሉ ነው።