የጠፋው ልጅ ልብ ወለድ ሾኔ ላይ ቢጻፍ

በዚህ ጋዜጣ ፊት ቆማችሁ የምታነቡ ዕጩ መምህራን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ እንደምትወዱ እናውቃለን። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሽፋኑ ይገነጠላል፤ የመጨረሻውን ገጽ ቀድሞ አንብቦ ለጓደኛው የሚናገርም አይታጣም። ከእነዚህ መጻሕፍት አንዳንዶቹ ከቤቱ ስለ ጠፋ ወጣት የሚተርኩ ናቸው። እንዲህ ያለው ታሪክ ሾኔ ላይ ቢጻፍ ወንጀለኛው ማን ሊሆን ነው? የዛሬው ጥያቄያችን ይኸው ነው።

ከቤት የወጣ ልጅ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ እንግዳ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ በታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ዋህድ ከቤቱ ወጥቶ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ይወድቃል፤ ጦቢያም ወንድ መስላ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ሰብለ ወንጌል ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ትጠፋለች። የዋህድ ጠላት ከደጅ ነው። ሰብለን ያስወጣት ግን የገዛ አባቷ የዘር ኩራት ነው። ለኛ የሚቀርበን ይኼኛው ነው።

ከሾኔ፣ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ ወጣቶች በሞያሌ አድርገው፣ ኬንያን፣ ታንዛንያንና ማላዊን አቋርጠው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲጎርፉ ሃያ ዓመት አልፏል። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ የ64 ሰዎች አስከሬን ተገኘ፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተነገረ። ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ 27 አስከሬን ተጥሎ ተገኘ።

ደላላው ወንጀለኛ ነው፤ በዚህ ክርክር የለንም፤ አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም የወጣው ለእሱ ነው። ነገር ግን ደላላውን ይዞ ታሪኩን የሚዘጋ ደራሲ ሰነፍ ደራሲ ነው እንላለን። ደላላው የሚመጣው ቤቱ ከተሰነጠቀ በኋላ ነዋ! ስንጥቁ የሚጀምረው ማታ ቆጮ ተቀርቦ ሳለ ነው። አባት የጎረቤቱን አዲስ ቆርቆሮ ቤት እያሰበ፣ «የእገሌ ልጅ እኮ ላከ» ይላል። ሌላ አልጨመረም፤ ክፉም አላሰበ ይሆናል። ልጁ ግን ደብተሩን ዘርግቶ ይሰማል። እናት ገብቷታል፤ ዝም ትላለች። በነጋታው ልጅ አባቱን ያኮርፋል፤ አባትም ምክንያቱን አይጠይቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ፍንጭ ነው። ያለ ወቅቱ የተሸጠ በሬ። ለጓደኛ የተሰጠ መጽሐፍ። «ዘመድ ጥየቃ ሄዷል» የሚል መልስ። ከሳምንታት በኋላ ከሩቅ የሚደወል ስልክ፣ ገንዘብ ካልተላከ ልጁን አንለቅም የሚል። ያኔ አባትና እናት አንዱ ሌላውን «አንተ ነህ»፣ «አንቺ ነሽ» ይባባላሉ። እውነተኛው ምዕራፍ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም ትክክል ናቸው።

መርማሪውስ? ፖሊስ አይመስለንም፤ ቤተሰቡ ወደ ፖሊስ የሚሄደው ሲጨንቀው ነው። መርማሪው ጠዋት ስም የሚጠራው መምህር ነው። ሦስት ቀን በተከታታይ «ቀሪ» ብሎ የጻፈ መምህር የታሪኩን የመጀመሪያ ገጽ በእጁ ይዟል፤ ብዙዎቻችን ግን «ቀሪ»ን ጽፈን መዝገቡን እንዘጋለን። ነገ የምንመደብበት ክፍል ውስጥ አንድ ባዶ ወንበር መኖሩ አይቀርም። ወንበሩ ባዶ ከመሆኑ በፊት ልጁ ማኩረፉን፣ ጥያቄ መጠየቅ መተዉን፣ በመስኮት ወደ ሶዶ መንገድ ማየት ማብዛቱን የሚያይ ዓይን ያስፈልገናል። ያየ መምህር ደግሞ አባትየውን ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ «አባባ፣ ልጅዎ ምን ሆነብኝ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።

ይህን ልብ ወለድ እስካሁን በእጃችን አላገኘነውም። ከመካከላችሁ የመጀመሪያውን ምዕራፍ የሚያመጣ ካለ ይህ ዓምድ ቦታውን ይለቅለታል። ደላላው ግን ከሦስተኛው ምዕራፍ በፊት ባይገባ ደስ ይለናል።