ዕቃው ደርሶ ሰነዱ ሲዘገይ

አስመጪ ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቢል ኦፍ ሎዲንግ የተባለው የመርከብ ጭነት ሰነድ ተራ ደረሰኝ አይደለም፤ የዕቃው ቁልፍ ነው። ዋናውን ወረቀት ያልያዘ ሰው፣ ዕቃው ጅቡቲ ወይም ሞጆ ደረቅ ወደብ ቢደርስለትም፣ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ወረቀቱ ከላኪው ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ ባንክ ሲዞር መርከቡ ይቀድመዋል፤ የመጋዘኑ ኪራይና የኮንቴይነሩ ቅጣትም በነጋዴው ላይ ይቆጠራል፤ በመጨረሻም በሸማቹ ዋጋ ላይ ይጨመራል።

መልእክት በቅጽበት በሚደርስበት ዘመን ይህ ሰነድ ስለ ምን በወረቀት ቀረ? መሣሪያ ስለ ታጣ አይደለም። የኤሌክትሮኒክ ጽሑፍ ሺህ ጊዜ ሊባዛ ስለሚችል፣ ባለመብቱ አንድ ብቻ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሥርዓትና ሕግ ስለሚያስፈልገው ነው። እንግሊዝ ይህን ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። መተማመንም ያሻል፤ ማርስክና አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመሩት ትሬድሌንስ የተባለው የጋራ መድረክ፣ የዘርፉን ሁሉ ትብብር ባለማግኘቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ተዘግቷል።

ዘጠኝ ታላላቅ የኮንቴይነር መርከብ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ሰነዱን ፈጽመው ኤሌክትሮኒክ ለማድረግ ቃል ገብተዋል። ይህ ቀን ነጋዴውን ሳይዘጋጅ ሊያገኘው አይገባም። ውል ከመፈረሙና ሌተር ኦፍ ክሬዲት ከመክፈቱ አስቀድሞ፣ የመርከብ ኩባንያው፣ ሻጩና ባንኩ የኤሌክትሮኒክ ሰነድ ይቀበሉ እንደ ሆነ ይጠይቅ። ጠያቂ ደንበኛ ከሌለ ባንኩም ሕግ አውጪውም አይቸኩሉም፤ የመዘግየቱን ዕዳ የሚከፍለው ግን ዝም ያለው ነጋዴ ነው።